አርባ ደቂቃ ያጣሁበት መጸው

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ዶክተሯ «የሚያስጨንቅሽን ነገር ጻፊው፣ ከዚያ ደብተሩን ዘግተሽ ተኚ» አለችኝ። ሰበቡ የደም ግፊቴ ነው። መጨረሻ ማስታወሻ የያዝኩት ተማሪ ሳለሁ ነበር፤ እሱንም እናቴ አግኝታ አንብባ ለአክስቴ ነገረቻት። አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ልጄ ቪሽኛም ለትምህርት ቤልግሬድ ሄዳለች፤ ደብተሬን የሚበረብር ሰው ቤት ውስጥ የለም።

ከተማችን ኒሽ በሙሉ የተጠበሰ ቃሪያ ይሸታል። ሰው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ቀይ ቃሪያ ይጠብሳል፣ ይልጣል፣ ለክረምት በጠርሙስ ያሽጋል። እኔ ዘንድሮም አልደረሰልኝም። ሥራ።

ሥራችን ሣጥን ነው። የጫማ ካርቶን የምታክል ሣጥን በየሕንፃው ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች። ውጭው ሲበርድ የሙቅ ውሃውን ቫና ትከፍታለች፣ ሲሞቅ ትዘጋለች። የሷን ፕሮግራም የምንጽፈው እኛ ነን። ኦክቶበር 15 የከተማው ማሞቂያ ሲከፈት አርባ አንድ አሮጌ ሕንፃዎች አዲሱን ፕሮግራም ይዘው መጠበቅ አለባቸው። እኔ የምኖርበትም አንዱ ነው።

ችግሩ አዲሱ ፕሮግራም ፋፍቷል፤ ሣጥኗ ውስጥ አልገባ አለ። ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው ራስትኮ መላ አለኝ ይላል። እኛ የምንጽፈውን ለሣጥኗ የሚተረጉምላት ኮምፓይለሩ ነው። «ኦ-ዜሮ» ብለው ካዘዙት ቃል በቃል ይተረጉማል፤ «ኦ-ሁለት» ካሉት ያሳጥራል፣ ይከረክማል፣ አያስፈልግም ያለውን ይጥላል። እስካሁን ፈራ ተባ እያልን በኦ-አንድ ነበር የምንሠራው። ራስትኮ ኦ-ሁለት ይሁን አለ። አለቃችን ስላጃናም ይሁን አለች። እኔም አልተቃወምኩም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18

ጥድፊያ። ምሳ በቁሜ። ራስትኮ የግንባታ ፋይሉን እያጸዳ ነው፤ የትኛው ፋይል በምን ትእዛዝ እንደሚተረጎም የተጻፈበትን ማለቴ ነው። የሃያ ዓመት ጓዝ ተከምሮበታል ይላል፣ እውነቱን ነው። የቡሬክ ቂጣ አፌ ውስጥ እያለ መጥቶ ስለ አንድ መስመር ጠየቀኝ። መለስኩለት። ቪሽኛ ደወለች፣ ቦት ጫማዋ ቀዳዳ አውጥቷል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ገባ! ፕሮግራሙ ሣጥኗ ውስጥ ገባ፣ ቦታም ተረፈ። በሙከራ ጠረጴዛችን ላይ ሁሉም አለፈ። ቫናውን የሚያዞረው የጠረጴዛው ሞተር አሻንጉሊት ቢጤ ነው፣ ዝጋ ሲሉት በቅጽበት «ዘጋሁ» ይላል። ምድር ቤት ያለው እውነተኛው ቫና ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። መቶ ጊዜ ስንሞክር መቶ ጊዜ ደቂቃ ተኩል ማን ይጠብቃል?

ራስትኮ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። ኮንትራቱ በኦክቶበር መጨረሻ ያልቃል፣ ስላጃና ቋሚ አደርግሃለሁ ብላዋለች። ሚስቱ ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለደች ገና አምስት ወሯ ነው። ልጁ ይገባዋል። ልጁ እላለሁ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ማሞቂያው ተከፈተ። እንደ ወትሮው የመጀመሪያውን ቀን ቫናዎቹን ሠራተኞቹ በእጃቸው ከፈቱ፣ ከዚያ ለሣጥኖቹ አስረከቡ። ቧንቧው አጉረመረመ። ውጭ ግን በጋ ሆኗል፤ እኩለ ቀን ላይ ሰው በሸሚዝ ነው የሚሄደው። ሣጥኖቹም ሞቀ ብለው ቫናውን ዘጉ። ጎበዞች።

ደረጃው ላይ እትዬ ዶብሪላን አገኘኋቸው። ከኔ በታች ያሉት ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። «ማሞቂያችሁ እንደ ነፍሱን ይማረው ባሌ ነው» አሉኝ፣ «የሚሞቀው ሰው ሳይፈልገው ነው።» ቤቴ እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ሳቅኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ሌሊት በረደ። ሦስት ዲግሪ። ጠዋት ማሞቂያዬን ብነካው በረዶ። ከታች እትዬ ዶብሪላ ግድግዳ ይደበድባሉ።

አርባ አንዱም ሕንፃ። አርባ አንዱም! ሳምንት ሙሉ ተዘግተው ነበር፣ ስለሞቀ ማንም አላወቀም። ወደ ቢሮ እየሮጥኩ ነው።

(ማታ) ሠራተኞቹ ሣጥኖቹን አጥፍተው አበሯቸው። ቫናዎቹ ተከፈቱ፤ ተከፍተውም ቀሩ። አሁን ቤቱ ሠላሳ አንድ ዲግሪ ነው፣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነው የምጽፈው። ሣጥኗ አንድ ትእዛዝ ትሰጥና ድርቅ ትላለች። ሁለተኛ ትእዛዝ የለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

ሁሉም ቦታ የድሮው ፕሮግራም እንዲመለስ ተወሰነ። እስከ ነገ ማታ ሰው ይሞቃል፣ ይህ አንድ ነገር ነው። ግን በድሮው ፕሮግራም መክረም አንችልም፤ ማሞቂያ ድርጅቱ ውሉን የፈረመው ለአዲሱ ነው። እስከ ሰኞ ምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰን ብለዋል። የጥፋተኛውንም ስም።

ከመጋዘን እውነተኛ ቫና አስወጥቼ አዲሱን ፕሮግራም በኔ ማሽን ላይ ገንብቼ ጫንኩ። ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። እንከን የለውም። ራስትኮ ያንኑ በሱ ማሽን ላይ ገነባ፣ ጫነ፤ ዘጋና ድርቅ። ምንጩ አንድ፣ ኮምፓይለሩ አንድ፣ ትእዛዙ አንድ። የኔ ይሠራል፣ የሱ አይሠራም።

ራስትኮ የሁለቱን ማሽን ትእዛዝ ጎን ለጎን አነበበ። ከዚያ «ያንቺን ከባዶ ገንቢው እስቲ» አለኝ።

የግንባታ መሣሪያው ሰነፍ ነው፣ ለዚያም ነው የምንወደው። ፋይል ሲያይ ቀኑን ብቻ ነው የሚያየው። ካለፈው ግንባታ ወዲህ ካልተነካ እንደገና አይተረጉመውም፣ የድሮውን ትርጉም ከመሳቢያ አውጥቶ ይሰካዋል። ስለዚህ የኔ ግንባታ አርባ ሰከንድ ይፈጃል። መሳቢያውን ባዶ አድርገህ ከዜሮ ጀምር ካሉት ለአራቱም የሣጥን ዓይነት፣ በዚያ አሮጌ ኮምፓይለር፣ አርባ ደቂቃ ነው። ዛሬ አርባ ደቂቃ ከየት አመጣለሁ? ስልኩ አላረፈም። ነገ እሠራዋለሁ አልኩት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ስብሰባ። ስላጃና በመጀመሪያ እኔን ጠየቀችኝ። በኔ ማሽን ላይ ይሠራል አልኩ። እውነት ነው፣ ይሠራል። ቀጥላ ወደ ራስትኮ ዞረች። እሱ ከግንባታ ፋይሉ ምን ምን እንደቀየረ አንድ በአንድ አነበበ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ነበረች፤ የቫናው ፋይል ብቻ ለብቻው በኦ-ዜሮ ይተርጎም የምትል። ጎኗ ላይ «አትንኩ። ስ.» ተብሎ ተጽፏል። ስ. ማለት ጋሼ ስቬቶዛር ናቸው፣ ሥራ ያስተማሩኝ፣ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው።

«አትንኩ የሚል አይተህ አወጣኸው?» አለችው ስላጃና።

«አዎ።»

«ማንን አስፈቅደህ?»

ራስትኮ ወደኔ ተመለከተ። ረጅም አይደለም፤ የእጅ ሰዓት የማየት ያህል። እኔ ሲኒዬን እያየሁ ነበር።

«ማንንም» አለ።

ስላጃና ኮንትራቱን አላድስም አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ደብዳቤው ላይ የሚገባው ስም የሱ ነው።

አንድ ሰው የማያውቀውን መስመር ሲያወጣ መጠንቀቅ አለበት። በሱ ዕድሜ እኔ እጠነቀቅ ነበር።

አርባ ደቂቃውን ዛሬም አላገኘሁም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

ቤቱ ሞቋል። የድሮው ፕሮግራም ሁሉም ቦታ ተመልሷል።

ራስትኮ ዛሬም መጣ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ሠራተኛ ነው። ደህና አደርሽ አለኝ። እንደ ወትሮው ነው ያለኝ፣ ምነው ቢሰድበኝ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ «ከባዶ ገነባሽው?» አለ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። «እሺ» አለ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሻይ እረፍት ወጥቼ ሃምሳ ደቂቃ ቆይቻለሁ። አሁን ስጽፈው ነው የቆጠርኩት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ እትዬ ዶብሪላ ከኋላዬ ነበሩ። ለመላው ወረፋ እንዲሰማ «ያገኙት መሰለኝ ሰውዬውን፣ ሊያባርሩት ነው አሉ» አሉ። «አንድ መጤ ነው አሉ። እሰይ። አንድ ቀን በካፖርት ተኛሁ፣ በማግስቱ በውስጥ ልብስ፣ ሳንባዬን ገደለኝ።» ከዚያ እኔን አዩና «አይደለም እንዴ ኔቬንካ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

አዎ አልኩ። ዳቦዬን ተቀብዬ ወጣሁና መንገድ ላይ ቆምኩ። ዳቦው ትኩስ ነበር፣ ብብቴን ያቃጥለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሄድኩ። ጃንጥላዬን ረስቼ ነው ብዬ። ዝናብ የለም። ቢሮው ባዶ ነው፣ ጃንጥላዬም እዚያ የለም፤ ቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል፣ ስወጣም አይቼዋለሁ። ማሽኔን ከፈትኩ። መሳቢያውን አጥፋ፣ ከዜሮ ጀምር አልኩት።

አርባ ደቂቃ እየተራመድኩ ነበር። የቫናው ፋይል ስም ስክሪኑ ላይ ሲያልፍ ቆምኩ፤ ምክንያቱን እኔ ነኝ የማውቀው። አለቀ። ጫንኩት። ቫናው ዘጋ፣ ድርቅ አለ።

አሁን ልጻፈው፣ ዶክተሯ ጻፊ ብላለች አይደል።

የቫናው ፋይል የኔ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አናቱ ላይ ስሜና ቀኑ አለ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ውስጡ አንድ ቦታ ሣጥኗ ሞተሩን «ዝጋ» ትለውና «ዘጋሁ» የሚለው ምልክት እስኪመጣ ትጠብቃለች። ምልክቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ከሞተሩ። እኔ ይህን ለኮምፓይለሩ አልነገርኩትም። አንድን ሰው መስኮት ጋ አቁመሽ አውቶቡሱ ሲመጣ ንገረኝ ብትዪው፣ እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ አይቶ «ክፍሉ ውስጥ ያለ ማንም አውቶቡሱን አይነካውም፣ ስለዚህ ምን ይለወጣል?» ብሎ ሁለተኛ ሳያይ የለም፣ የለም ሲል ቢኖር ያ ነው። በኦ-ዜሮ ቃል በቃል ሲታዘዝ በየጊዜው ዞር ብሎ ያያል። ብልህ ሁን ሲሉት ነው ማየቱን የሚተወው። የሙከራ ጠረጴዛችን ሞተር በቅጽበት ስለሚመልስ አንድ ጊዜ ማየቱ በቅቶት አለፈ። መድኃኒቱ አንዲት ቃል ናት፣ «ቮላታይል»፤ ይህ ነገር ካንተ ውጭ ይለወጣልና ሁልጊዜ ሄደህ እይ እንደማለት። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃታል። ያቺ ቃል የለችም። እኔ ረስቻታለሁ።

በኔ ማሽን ላይ የሚሠራውም ያንን ፋይል ከዓመታት ወዲህ የነካው ስለሌለ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ በጋሼ ስቬቶዛር መስመር የተተረጎመው አሮጌው ነበር። ራስትኮን የከሰስኩት በአሮጌ ትርጉም ነው። ረቡዕ ከባዶ ገንቢው ሲለኝ ይህን ጠርጥሬ ነበር ወይ? አላውቅም። ጠርጥሬ ነበር።

ሌላም አለ። ሴፕቴምበር 18 ቡሬክ እየበላሁ ጠየቀኝ ብያለሁ፣ ምን እንደመለስኩ አልጻፍኩም። «የሽማግሌ ፍርሃት ናት፣ አውጣት» አልኩት። ቃል በቃል። እንዲያውም ስቄያለሁ።

እሁድ፣ ኦክቶበር 27

ጋሼ ስቬቶዛር ጋ ሄድኩ፣ ከከተማ ወጣ ብላ ያለችው ኒሽካ ባኛ። እንጨት ይደረድሩ ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ እንጨቱን በውፍረት በውፍረት ነው የሚደረድሩት፣ እኛንም እንደዚያው ነበር የሚያስተካክሉን። ያለ ሰላምታ ማለት ይቻላል የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሰሙኝ ሰሙኝና፦

«ያቺ መስመር ጠፋች?» አሉ።

«ምን እንደሆነች ያውቁ ነበር?»

«እኔው አይደለሁ የጻፍኳት? ተቀመጪ።» ግንድ ላይ አስቀመጡኝ። «ቪሽኛ የሦስት ወር ልጅ ነበረች። ሥራ ቶሎ ተመለሽ ብለንሽ፣ ሌሊት እሷ አታስተኛሽ፣ ቀን እኛ። አንድ ዓርብ ማታ መብራት ላጠፋ ስመጣ ጠረጴዛሽ ላይ ተኝተሻል፣ ስክሪኑ በርቷል። ስህተቷን ቆሜ አየኋት። አንዲት ቃል። ለአንዲት ቃል እቀሰቅሳታለሁ? ብዬ ሌላ መንገድ አገኘሁ፤ ያንን ፋይል ለብቻው በዜሮ ይተርጎም አልኩ። ሰኞ እነግራታለሁ ብዬ ካፖርቴን አለበስኩሽና ሄድኩ።»

«የትኛው ሰኞ ጋሼ?»

«እሱን እኔም እንጃ፣ ልጄ። ሰኞ ስትመጪ ደስ ብሎሽ ነበር። ፕሮግራሙ ሠርቶልሽ። ከዚያ ሌላ ሰኞ መጣ።»

ካፖርቱን አስታውሳለሁ። ማነው ያለበሰኝ ብዬ ጠይቄ ማንም አልመለሰልኝም። ተናደድኩባቸው፣ እውነቱን ለመጻፍ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ አፍሬም ቢሆን በአንድ ደቂቃ አስተካክዬው ነበር። እሳቸውም አውቀውታል። «ጥፋት ነበር» አሉ፣ «ደግነት መስሎኝ ነበር፣ ግን ለኔም ቀለል ያለኝ እሱ ስለሆነ ነው።» ከዚያ «ልጁስ?» አሉኝ። ራስትኮን ማለታቸው ነው። «ልጁ ምን አለ?»

«ማንንም አላስፈቀድኩም አለ።»

ጋሼ ስቬቶዛር አንድ እንጨት አንስተው ቦታውን ፈለጉለት። «አንቺስ?» አሉኝ።

ሁለት ጠርሙስ የተፈጨ ቃሪያ ይዤ ተመለስኩ። አውቶቡስ ውስጥ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ተናገርኩ። ልቤ እስካሁን እየመታ ነው፣ ግን ተናገርኩ።

ስላጃና ደብዳቤውን አትማ ለፊርማ ይዛ ገባች። ሁላችንም አለን። ተነሳሁ፣ መቼም በስብሰባ ተነስቼ አላውቅም፣ ሰው ሊያመኝ የመሰለው ነበር። «ስህተቱ የቫናው ፋይል ውስጥ ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። «መስመሯን አውጣ ያልኩትም እኔ ነኝ። ጠይቆኝ ነበር።»

ስላጃና ራስትኮን አየችው። እሱ ብዕሩን እየፈታ እየገጠመ ነበር።

«ሐሙስ ለምን አልተናገርሽም?» አለችኝ።

«ፈራሁ።»

 ስላጃና ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደችው። አዲሱን በስሜ እኔ እንድጽፍ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋር ምድር ቤት ወርጄ ሣጥኖቹን በእጄ እንድጭን አዘዘች። ሥራሽን ለቀሽ ሂጂ ትለኛለች ብዬ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ይህን ስታስታውስብኝ እንደምትኖር ግን ከፊቷ ገባኝ። ለራስትኮ «ከስብሰባው በኋላ ቢሮዬ ና፣ ቋሚ ትሆናለህ፣ እንፈርማለን» አለችው።

ቃሏን ጨመርኩ። ሁለታችን ሁለት ማሽን ላይ ከባዶ ገነባነው፣ በኦ-ሁለት፣ ያለምንም ልዩ መስመር። ቫናው ዘጋ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። ከደስታዬ ብዛት ጠረጴዛውን መታሁ። ራስትኮም ፈገግ ሊል ነበር፣ ያዘው። 

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 30

ሁለት ቀን ምድር ቤት። ክንዴ ዝሏል፣ ፀጉሬ የሸረሪት ድር ነው። እያንዳንዱ ቦታ ጭኜ ዝጊ እላታለሁ፣ ከዚያ እቆማለሁ። ደቂቃ ተኩል። የመጀመሪያው ላይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጭለማ ውስጥ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ያጉረመርማል፣ ቀጭ። «ዘጋሁ።» ከዚያ ክፈቺ። ሌላ ደቂቃ ተኩል። ቀጭ። አሥረኛው ላይ ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ራስትኮ ከሌላው ቡድን ጋር ነው። መልእክቱ የሕንፃ ቁጥርና «ሠራ» ብቻ ነው። ሃያ አንድ ጊዜ «ሠራ» ላከልኝ። እያንዳንዷን ደግሜ አንብቤያታለሁ።

የመጨረሻው የኛ ሕንፃ ነበር። ከምድር ቤት ስወጣ እትዬ ዶብሪላ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ያ ሰውዬ ምንም እንዳላጠፋ፣ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ካናቴ እስከ እግሬ ካዩኝ በኋላ «ቆሽሸሻል፣ ግቢና ታጠቢ» አሉኝ። ቆይተው አንድ ሳህን ሾርባ በልጅ ልጃቸው ላኩልኝ። ጨው በዝቶበታል። ሁሉንም ጠጣሁት።

ነገ ቅዱስ ሉቃስ ነው። የራስትኮ ቤት የሚዘክረው ቅዱስ። ለእንዲህ ያለው ቀን ማንም ማንንም አይጠራም፤ ያስታወሰ ይመጣል፣ በሩ ክፍት ነው። አምና ሄጃለሁ። ዘንድሮ ብቀር እሱ ጠርቶኝ አያውቅምና ቀረሽ አይለኝም። ብሄድም ለምን መጣሽ ሊለኝ አይችልም። ሁለቱም ያሳፍረኛል።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ሄድኩ። ሁለት ጊዜ አውቶቡስ አሳለፍኩ፣ በሦስተኛው ሄድኩ። ወይንና አንድ ጠርሙስ የጋሼ ስቬቶዛር ቃሪያ ይዣለሁ።

በሩን የከፈተው ራሱ ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሕፃኑን በአንድ ክንዱ አቅፎ። እንኳን ለቅዱስ ሉቃስ አደረሳችሁ አልኩ። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል «ተይው፣ ዛሬ ማንም አያወልቅም» አለ። «ዘግይተሻል። ጥቅልል ጎመኑ ሊያልቅ ነው።»

ሻማው በርቷል። እናቱ ከመንደራቸው መጥተዋል፣ የተቀቀለውን ስንዴ በስኳርና በዋልነት ይዘው በር ላይ ቆመዋል፤ የገባ ሁሉ አማትቦ አንድ ማንኪያ ይቀምሳል። ራስትኮ «ኔቬንካ ናት፣ ከቢሮ» አላቸው። ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ምን ነግሯቸዋል?

«አንቺ ነሽ እንዴ!» አሉ እናቱ። «መጀመሪያ ሲገባ ሥራ ያሳየችኝ እሷ ናት ይለኛል። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ምንም አልነገራቸውም። ያንን ሁሉ ሳምንት፣ ከሥራ ሊባረር ሳለ፣ እናቱ ስሜን በመልካም እየያዙት ነበር። ስንዴውን ስውጠው ትን አለኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እናቱ ዋልነቱ ነው ብለው ውሃ ሰጡኝ።

ብዙ ሰው ነበር። ስወጣ ራስትኮ ካፖርቴን ይዞ ኮሪደሩ ድረስ ሸኘኝ።

«ሐሙስ ዕለት ብትናገሪ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አራት ሌሊት እተኛ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽን አውቃለሁ። ግን ልናገረው ብዬ ነው።» ካፖርቱን አለበሰኝ። «በቃ፣ ተናገርኩት።»

እናቱ ከኋላው መጥተው ከተባረከው ዳቦ ትልቅ ቁራሽ በናፕኪን ጠቅልለው ኪሴ ከተቱልኝ። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ። በየሕንፃው መስኮት መብራት አለ፣ መስኮቶቹም ተዘግተዋል፤ ሞቀኝ ብሎ የከፈተ የለም፣ ካፖርት ለብሶ የተቀመጠ የለም። ቆጥሬያቸው ነበር፣ መሃል ላይ ተሳሳትኩና ተውኩት።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 1

ሌሊቱን ዜሮ ዲግሪ ሆነ። አርባ አንዱም ሞቀ።

ራስትኮ ጠዋት በግንባታ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። ከዛሬ ጀምሮ ያ የግንባታ ፋይል በተነካ ቁጥር መሳቢያው ባዶ ይሆናል፣ ሁሉም ከዜሮ ይተረጎማል። መጥቶ አስፈቀደኝ። መስመሯን ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ጎኗ ላይ ለምን እንደተጻፈች ረጅም አድርጎ አብራርቷል፣ ከነስሜ። አጉረመረምኩ፤ በየጊዜው አርባ ደቂቃ ማን አለው?

«አንቺ» አለ።

ጀመርነው። ወንበሩን ስቦ ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጠ። የእናቱን ዳቦ ከኪሴ አወጣሁ፣ ለሁለት ቆረስነው፣ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ እያየን በላን። ስለ ሕፃኑ ጥርስ አወራኝ። የቫናው ፋይል መቼ እንዳለፈ አላየሁትም።